የውሻን ድምፅና የአካል ምልክት ለይቶ ማወቅ ለገበሬው ቤት፣ ለከብቱና ለልጆቹ ደኅንነት ይጠቅማል

ውሻ በገጠሩ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥራ ያለው እንስሳ ነው። ቀን ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሽ ይወርዳል፤ ሌሊት የበረቱን በር ይጠብቃል፤ ሰብል ሲደርስም ከርከሮና ዝንጀሮ ወደ ማሳው እንዳይገቡ ያባርራል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ የሚያገኘው ደመወዝ የተረፈ እንጀራና የገበታ ፍርፋሪ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይኸው ጠባቂ አንዳንድ ጊዜ የጎረቤትን ልጅ ይነክሳል፤ መንገደኛን ያቆስላል፤ ከዚህም ሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰውና ወደ ከብት ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት የውሻ ነገር በየቀበሌው ከመሪዎችና ከሽማግሌዎች ፊት ደጋግሞ የሚቀርብ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በቀረበ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ውሻው ሳይታሰብ ድንገት ነከሰ» የሚል ነው። የእንስሳትን ጠባይ ያጠኑ ባለሙያዎች ግን ጤነኛ ውሻ በአብዛኛው ከመንከሱ በፊት በድምፁ፣ በጅራቱ፣ በጆሮው፣ በዓይኑና በመላ አካሉ አቋም የሚሰማውን እንደሚገልጽ ያስረዳሉ። ንክሻ የመጨረሻው ቃሉ ነው። ከዚያ በፊት የተናገረውን ያላስተዋለ ሰው ድንገት የተነከሰ ይመስለዋል።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ንክሻን አስቀድሞ ለመከላከል ማስቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጤነኛውን ውሻ ጠባይ በሚገባ የሚያውቅ ሰው የታመመውን ፈጥኖ የሚለየው መሆኑ ነው። የዚህ ሁለተኛው ጥቅም ትልቅነት ከዚህ በታች በዝርዝር ይታያል።

ከተኩላ የወረሰው ቋንቋ

የውሻ የዘር ግንድ ግራጫው ተኩላ ነው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረም ቢያንስ 15,000 ዓመት እንደሚሆነው በቁፋሮ የተገኙ አጥንቶችና የዘር ምርመራዎች ያመለክታሉ። ተኩላ በመንጋ የሚኖርና በመንጋ የሚያድን እንስሳ በመሆኑ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሳይነካከስ አብሮ ለመኖር የሚያስችለው የምልክት ቋንቋ ያስፈልገው ነበር። ውሻም የጅራቱን፣ የጆሮውንና የፊቱን ምልክት ከዚሁ ዘመዱ ወርሷል።

በጩኸት በኩል ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ያደገ ተኩላ የሚጮኸው ከስንት አንዴ፣ ይኸውም በተለይ ለማስጠንቀቅ ሲሆን፣ ውሻ ግን በብዙ ምክንያት ይጮኻል። ባለሙያዎች እንደሚገምቱት ይህ ልዩነት የመጣው ውሻ ከሰው ጋር በመኖሩ ነው። ሰው ሌሊት ስለማያይ፣ የሩቅ ሽታም ስለማይደርሰው፣ የሚጮኽለትን ጠባቂ መርጦ አሳደገ። የውሻ ጆሮ በሴኮንድ እስከ 45,000 ንዝረት ያለውን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ የሰው ጆሮ ከ20,000 አያልፍም። ስለሆነም ባለቤቱ «ምንም በሌለበት ይጮኻል» ብሎ ሲቆጣ ውሻው ባለቤቱ ሊሰማው ያልቻለውን ነገር ሰምቶ ሊሆን ይችላል።

የጩኸቱ ዓይነትና ትርጉሙ

በገጠር ያደገ ሰው የራሱን ውሻ ጩኸት ለይቶ እንደሚያውቅ ይናገራል። ለጅብ የሚጮኸው፣ ለመንገደኛ የሚጮኸውና ርቦት የሚያላዝነው አንድ አይደለም ይላል። ይህ የገበሬው አባባል በምርምርም የተደገፈ ሆኖ ተገኝቷል። በሀንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ በሚገኘው በኤትቬሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሙዲ የሚባለውን የአገራቸውን የእረኛ ውሻ ጩኸት በልዩ ልዩ ሁኔታ ላይ ቀርጸው ለሰዎች አሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው በዚሁ ጥናት፣ ውሻ ያላቸውም ሆኑ ውሻ ኖሯቸው የማያውቅ ሰዎች ጩኸቱ ለባዕድ ሰው ይሁን፣ ብቻውን ታስሮ ይሁን፣ ወይም ሲጫወት ይሁን፣ በግምት ብቻ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ለይተው ለማወቅ ችለዋል። ከዚያ በኋላ በተደረገ ሌላ ሙከራ ሲወለዱ ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ሰዎችም እንዲሁ አድርገዋል።

ከእነዚህና ከሌሎች ጥናቶች የተገኘው ዋናው ቁም ነገር የሚከተለው ነው።

ወፍራምና ተከታታይ፣ በመካከሉ እረፍት የሌለው ጩኸት የቁጣና የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው። ውሻ ባዕድ ሰው ወይም አውሬ ወደ አጥሩ ሲጠጋ የሚያሰማው ይህን ነው። ቀጠን ያለና እያረፈ የሚሰማ ጩኸት ደግሞ ብቻውን የቀረ፣ የታሰረ ወይም የፈራ ውሻ ድምፅ ነው። በጨዋታ ጊዜ የሚሰማው ጩኸት ከፍ ዝቅ የሚልና ከዝላይ ጋር የተያያዘ ነው።

ጉርምርምታ ከጉሮሮ የሚወጣ ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን፣ ትርጉሙ በአብዛኛው «አትጠጋ» ማለት ነው። የቡዳፔስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ውሻ አጥንት ሊያነሣ ሲል ምግቡን የሚከላከል ሌላ ውሻ ጉርምርምታ ከተደበቀ ድምፅ ማጉያ ቢያሰሙት፣ አጥንቱን ትቶ ወደ ኋላ እንደሚል ተመልክተዋል። ለባዕድ ሰው የተሰማው ጉርምርምታ ግን ያን ያህል አላስፈራውም። ይህም ውሾች በመካከላቸው «የእኔ ነው፣ አትንካ» የሚለውን ከሌላው ቁጣ ለይተው እንደሚሰሙ ያሳያል።

ማላዘን ረጅምና ወደ ላይ የተሳበ ድምፅ ሲሆን በሩቅ ያሉትን ለመጥራት ያገለግላል። በአንዳንድ ቦታ ውሻ ሲያላዝን ሞት ይመጣል ተብሎ ይፈራል። ሆኖም ማላዘን ከተኩላ የተወረሰ የመጠራሪያ ድምፅ ከመሆኑ በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም። ማቃሰትና መንጫጨት ቡችላ እናቱን የሚጠራበት ድምፅ ነው፤ ያደገ ውሻም ሲቸገር፣ ሲለምን ወይም ሲያመው ይጠቀምበታል። ድንገተኛና ስለታም ጩኸት የሕመም ምልክት ነው።

ጅራት፣ ጆሮና ዓይን

ውሻ ብዙውን ነገር የሚናገረው በድምፁ ሳይሆን በአካሉ ነው። ይህንን ከገለጹት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በሰውና በእንስሳት ስሜት አገላለጽ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተቆጣ ውሻ ቀጥ ብሎ፣ ጅራቱን አቁሞ፣ ጠጉሩን አስነሥቶ፣ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ ዓይኑን ተክሎ እንደሚሄድ ጽፏል። ያው ውሻ የመጣው ሰው ጌታው መሆኑን ሲያውቅ ግን ሁሉም ይገለበጣል፤ አካሉ ዝቅ ይላል፣ ይጠማዘዛል፣ ጅራቱ ይወርድና ይቆላል፣ ጠጉሩ ይተኛል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይመለሳል። ከ150 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ገለጻ ዛሬም በማንኛውም ገበሬ ደጅ ሊታይ የሚችል ነው።

በጅራት ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ጅራቱን ከቆላ ወዳጅ ነው» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጅራቱ ዝቅ ወይም መካከለኛ ሆኖ፣ በሰፊው፣ ወገቡ ጭምር እየተንቀሳቀሰ የሚቆላ ውሻ በእርግጥም ደስ ብሎታል። ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ፣ አካሉን አድርቆ፣ ጫፉን ብቻ በፍጥነት የሚያንቀጠቅጥ ውሻ ግን ለጠብ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጣሊያን አገር የባሪና የትሪየስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በ30 ውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ውሻ ጌታውን ሲያይ ጅራቱ ወደ ቀኝ፣ የማያውቀውን ኃይለኛ ውሻ ሲያይ ወደ ግራ አብዝቶ እንደሚያጋድል ደርሰውበታል። ይህ ልዩነት በዓይን ብቻ ለማየት የሚያስቸግር ቢሆንም፣ የጅራት መቁላት አንድ ትርጉም ብቻ እንደሌለው ያረጋግጣል።

ጅራቱን በኋላ እግሮቹ መካከል የሸጎጠ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠጠ፣ አካሉን ያጎነበሰ ውሻ የፈራ ውሻ ነው። የፈራ ውሻ የሸነፈ ይመስላል፤ ነገር ግን መሸሻ ካጣ ይነክሳል። ስለዚህ በማእዘን ወይም በአጥር ሥር የተወሸቀን ውሻ በእጅ ለመያዝ መሞከር አደገኛ ነው። በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን የሚያሳይ ውሻም ሁልጊዜ እሹኝ ማለቱ አይደለም። አካሉ ከለሰለሰ ጨዋታ ነው፤ አካሉ ከደረቀና ጅራቱ ከተሸጎጠ ግን «ተውኝ» ማለቱ ነው።

ትንንሾቹን ምልክቶች ማስተዋልም ይገባል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ደጋግሞ የሚልስ፣ ሳይደክመው የሚያዛጋ፣ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞር፣ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ ድረስ አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ የሚመለከት ውሻ የተጨነቀ ውሻ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ግን በድንገት ፀጥ ብሎ ቀጥ የሚል ነው። ሲበላ ወይም አጥንት ሲቆረጥም ሰው ሲጠጋው መብላቱን አቁሞ እንደ ድንጋይ ከደረቀ፣ የሚቀጥለው ንክሻ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መራቅ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ፣ ወገቡን ወደ ላይ ከፍ የሚያደርግ ውሻ «ና እንጫወት» ማለቱ ነው። ከዚህ በኋላ ቢያጉረመርምና ቢናከስ እንኳ ጨዋታ መሆኑን ሌላው ውሻ ያውቃል።

ጉርምርምታን በዱላ መቅጣት ጉዳቱ

በብዙ ቤት ውሻ በቤተሰብ አባል ላይ ካጉረመረመ በዱላ ይመታል። ይህ አድራጎት ተገቢ ቢመስልም ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። በጉርምርምታው የተቀጣ ውሻ የሚማረው ዝም ማለትን እንጂ አለመፍራትን አይደለም። ፍርሃቱ ወይም ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሳያጉረመርም ይነክሳል። ስለዚህ ውሻው ለምን እንዳጉረመረመ መመርመርና ምክንያቱን ማስወገድ ይበልጣል። ቁስል ይኖርበት ይሆናል፤ ቡችሎችዋን የምትጠብቅ እናት ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ልጆች ሲበላ አስቸግረውት ይሆናል።

ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻም የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የታሰረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃልና ያለው ምርጫ መከላከል ብቻ ነው። በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ በግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ውሾች ሰው ነክሰው የመገኘታቸው ነገር ከማይታሰሩት ወደ 3 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። ማሰር የግድ ከሆነ ልጆች ከሚያልፉበት መንገድ ርቆ፣ ጥላና ውኃ ባለበት ቦታ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል።

መልካም ጠባቂ ማግኘት የሚፈልግ ገበሬ ደግሞ ከቡችላነቱ መጀመር አለበት። ስኮትና ፉለር የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ጠባዩ የሚቀረጽበት ነው። በዚህ ጊዜ ከሰው፣ ከልጆች፣ ከበግና ከጥጃ ጋር በሰላም የተለማመደ ቡችላ ሲያድግ እነዚህን እንደ ወገኖቹ ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ ሰው ሳያይ ያደገ ግን ዕድሜውን ሙሉ ፈሪ፣ በፍርሃቱም ነካሽ ሊሆን ይችላል።

ሕፃናትን ማስተማር

የውሻን ምልክት በመረዳት ረገድ ከሁሉ የሚቸገሩት ሕፃናት ናቸው። በእንግሊዝ አገር በሊንከን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ ጥርሱን ያገጠጠ ውሻ ሲያዩ ደስ ያለው ወይም የሚስቅ መስሏቸዋል። ሕፃን የሰውን ፊት ማንበብ እንጂ የውሻን ፊት ማንበብ ገና አልተማረም። በዚያ ላይ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ንክሻው ፊቱና አንገቱ ላይ ያርፋል።

በገጠር ከብት የሚጠብቁት፣ ውኃ የሚቀዱትና ወደ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ የሚሄዱት ልጆች ስለሆኑ፣ የሚከተሉትን ጥቂት ነገሮች በቤትም በትምህርት ቤትም ማስተማር ይገባል። የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረ ወይም ቡችላ ያላትን ውሻ አለመንካት። ውሻ ሲመጣ አለመሮጥና አለመጮኽ፤ የሚሮጥን ነገር ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነውና። ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ወደ ጎን ማድረግ፣ ዓይኑን አፍጥጦ አለማየት፣ ውሻው ሲረጋጋ በዝግታ ወደ ኋላ መራቅ። ከወደቁም ተጠቅልሎ ጆሮንና አንገትን በእጅ መሸፈን። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣት የተለመደ መከላከያ ቢሆንም፣ አንዱን ውሻ ሲያሸሽ ሌላውን፣ በተለይም ቡችላ ያላትን እናት፣ ይበልጥ ሊያስቆጣ እንደሚችል መንገር ያሻል።

ድምፁ የተለወጠ ውሻ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ የጤነኛ ውሻ ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ሲበላሽ ትልቅ አደጋ መጥቷል ማለት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1895 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ከተማ ተነሥቶ እንደነበር የታሪክ ጽሑፎች ይገልጻሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 የሚያህሉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ከነዚህ መካከል 95 በመቶ የሚሆኑት በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከሰዎቹ ሕመም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

በሽታው ነርቭንና አንጎልን ስለሚያጠቃ የመጀመሪያው ምልክት የጠባይ ለውጥ ነው። ጨዋ የነበረው ይቆጣል፤ ነካሽ የነበረው ተለማማጭ ይሆናል፤ ጨለማ ቦታ ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ሲጠራው አይሰማም። ከዚያ በኋላ በሽታው በሁለት መልክ ይታያል። በአንደኛው መልክ ውሻው ያብዳል፤ ሳያጉረመርም፣ ጅራቱንም ጆሮውንም ምልክት ሳይሰጥ ያገኘውን ሁሉ፣ እንጨትና ድንጋይ ሳይቀር ይነክሳል፤ ከቤቱ ርቆ ያለ ዓላማ ይጓዛል። በሁለተኛው መልክ ግን ዝም ይላል፤ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ የኋላ እግሮቹ ይልፈሰፈሳሉ። ይህኛው የማያስፈራ ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል።

በሁለቱም መልክ ድምፁ ይለወጣል። የጉሮሮው ጡንቻ ስለሚሽመደመድ ጩኸቱ ይሻክራል፣ ይቆራረጣል፤ በጩኸቱ መጨረሻም እንደ ማላዘን ያለ የተሳበ ድምፅ ያሰማል። የገዛ ውሻውን ድምፅ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለውጥ ከማንም ቀድሞ ይሰማል። ብዙ ሰው ግን መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ መዋጥ አቅቶት ሲያይ አጥንት የተሰነገለት መስሎት እጁን ወደ ውሻው አፍ ያስገባል። ይህ ሕይወትን የሚያሳጣ ስሕተት ነው። በሽታው በለሃጭ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ንክሻ ባይኖርም በእጅ ላይ ባለ ጭረት ሊገባ ይችላል።

ከብትም በዚሁ በሽታ ይያዛል። በውሻ ከተነከሰ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሬው ወይም ላሚቱ ያለማቋረጥ በተለወጠ ድምፅ ታገሳለች፤ ለሃጭ ታዝረከርካለች፤ መዋጥ ያቅታታል፤ ትንገዳገዳለች። እንዲህ ያለውን ከብት አፉን ከፍቶ ማየት፣ ወተቱን መጠጣት ወይም አርዶ ሥጋውን መከፋፈል አይገባም።

ለተነከሰ ሰው መደረግ ያለበት

በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ብዙ ጊዜ አለ። በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሕይወት የሚተርፈው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦ ካዳነ ወዲህ ክትባቱ እየተሻሻለ መጥቷል።

ስለዚህ ሰው በተነከሰ ጊዜ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥብቆ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም ብዙውን የበሽታ ተሐዋስያን ጠርጎ የሚያወጣ ነው። በቁስሉ ላይ ቅጠል፣ በርበሬ ወይም ጭቃ ማድረግ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ከዚያ ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ክትባት መጀመር ነው። ወደ ባሕል መድኃኒት አዋቂ ቀድሞ ሄዶ ሳምንታት ማሳለፍ ብዙ ሰው እንዲሞት ያደረገ ልማድ ነው።

ውሻው የሚታወቅና የሚያዝ ከሆነ ሰው በማይደርስበት ቦታ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ክትባቱንም ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። ነገር ግን የውሻውን ሁኔታ ለማየት ሲባል የሰውየው ክትባት መዘግየት የለበትም። ውሻው ከተገደለም ጭንቅላቱ መደቆስ አይገባውም፤ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው። በባዶ እጅ ሳይነኩት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

የባሌ ተራራ ቀይ ቀበሮ ምሳሌ

የውሻ በሽታ ጉዳቱ በሰውና በከብት ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ እንደሚሆን ይገመታል። አብዛኛውም የሚኖረው በባሌ ተራራዎች ነው። ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በባሌ ቀበሮዎች ላይ ተነሥቶ ብዙዎቹን ጨርሷል። በዚህም የተነሣ በአካባቢው ያሉትን የገበሬዎች ውሾች በየጊዜው መከተብ ቀበሮውንም፣ ከብቱንም፣ ልጆቹንም በአንድነት የሚጠብቅ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል።

የማኅበሩ ድርሻ

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ ያልተከተበ አንድ ውሻ በቀደደውም በሽታው ወደ መንደሩ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእያንዳንዱ ባለ ውሻ ብቻ የሚተው አይደለም። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶዎቹ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ውሾችን በጅምላ በመርዝ መግደል ግን በሽታውን እንዳላጠፋ በብዙ አገር ታይቷል። የተከተበውም ካልተከተበው ጋር ያልቃል፤ በባዶው ቦታ ከሌላ ቀበሌ አዲስና ያልተከተበ ውሻ ይገባል፤ መርዙም ለከብትና ለልጆች አደጋ ነው።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ከሚያከናውኗቸው ተግባሮች መካከል ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ሊሆኑ ይገባል። በመጀመሪያ በቀበሌው ያሉትን ውሾችና ባለቤቶቻቸውን መመዝገብ፤ ቁጥሩ ካልታወቀ 70 በመቶው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አይቻልምና። ቀጥሎም ቁጥሩን ለወረዳው የግብርናና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አቅርቦ የክትባት ቀን ማስወሰን፣ በዚያም ቀን ቡችሎች ሳይቀሩ ሁሉም ውሾች እንዲቀርቡ ማድረግ። ከዚህም ሌላ የጠባይ ወይም የድምፅ ለውጥ ያሳየ ውሻ በታየ ቁጥር በዚያው ቀን ለማን እንደሚነገር ለሕዝቡ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን የሚከበር በመሆኑ፣ ይህ ጊዜ ለቅስቀሳው አመቺ ነው።

በንክሻ ምክንያት የሚነሣ ክርክርም የመሪዎችንና የሽማግሌዎችን ማስተዋል ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አምልጦት ቢሆንም ወይም ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «ድንገት ነው የነከሰው» የሚለው መልስ ባለ ውሻውን ከኃላፊነት አያድነውም። ይሁን እንጂ ካሣ ከመቁረጥ በፊት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ውሻው ከመንከሱ በፊት አጉረመረመ ወይስ ዝም ብሎ ነከሰ? ጅራቱና ጆሮው እንዴት ነበር? ድምፁ የወትሮው ነበር ወይስ የሻከረ? ምግቡን ወይም ቡችሎችዋን የምትከላከል ነበረች ወይስ ያለ ምክንያት? የተነከሰው ሰው ክትባት ሳይጀምር አንድ ቀን እንዳያልፍ እያደረጉ እነዚህን ጥያቄዎች ከምስክሮቹ መስማት፣ ጉዳዩ የጎረቤት ጠብ ብቻ ይሁን ወይስ መላውን ቀበሌ የሚያሰጋ በሽታ መሆኑን ለመለየት ይረዳል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ለሚጮኽለት ቤት፣ ባለቤቱም በበኩሉ የሚጮኸውን ማዳመጥ፣ በዓመት አንድ ቀን ወደ ክትባት ቦታ ስቦ መውሰድና የልጆቹን ጠባይ ከውሻው ጋር ማረም ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ማስተዋልንና የማኅበሩን መተባበር ነው።